የሠራተኞችን የሲስተም አካውንት በራስ-ሰር መክፈትና መዝጋት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የሠራተኞቻቸውን አካውንት በአይደንቲቲ ማኔጅመንት ሲስተም (የሠራተኞችን መለያና የመግቢያ ፈቃድ ከአንድ ማዕከል በሚያስተዳድር ሶፍትዌር) አማካይነት በራስ-ሰር ለመክፈት፣ ለማስተካከልና ለመዝጋት የሚያስቡ የአይቲና የሰው ሀብት ክፍሎች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ይመልሳል። የቴክኒኩና የአሠራሩ ጉዳይ ሆን ተብሎ በአንድነት ቀርቧል፤ በተግባር የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ሁለቱ ክፍሎች የሚገናኙበት ቦታ ስለሆነ ነው።

ፕሮቪዥኒንግ ማለት ምን ማለት ነው?

አንድ ሠራተኛ ሲቀጠር ኢሜይል፣ የጋራ ፋይል ማስቀመጫ፣ የሒሳብ ሶፍትዌር፣ የቪፒኤን መግቢያና የመሳሰሉት ያስፈልጉታል። በተለመደው አሠራር የቅርብ አለቃው ለአይቲ ክፍል ደብዳቤ ወይም ኢሜይል ይጽፋል፣ የአይቲ ባለሙያውም በየሲስተሙ እየገባ አካውንቱን አንድ በአንድ ይከፍታል። ፕሮቪዥኒንግ የሚባለው ይህ ሥራ ነው። ራስ-ሰር የሚሆነው ደግሞ የቅጥሩ መረጃ በአንድ መዝገብ ላይ እንደሰፈረ ማዕከላዊው ሲስተም ለውጡን አይቶ፣ አስቀድሞ በተጻፈ ሕግ መሠረት ለማን ምን እንደሚገባው ወስኖ፣ አካውንቱን የሰው እጅ ሳይነካው በየሲስተሙ ሲፈጥር ነው።

ቃሉ መክፈትን ብቻ የሚያመለክት ቢመስልም የሠራተኛውን መግባት፣ መዘዋወርና መልቀቅ ሦስቱንም ያቅፋል። ከሦስቱ የሚከብደው ዲፕሮቪዥኒንግ የሚባለው የመዝጋቱ ሥራ ነው፤ አካውንት ያልተከፈተለት ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ይደውላል፣ ለቆ የሄደና አካውንቱ ያልተዘጋበት ግን አይደውልም።

ሲንግል ሳይን ኦን ካለን ይህ ለምን ያስፈልገናል?

ሲንግል ሳይን ኦን ሠራተኛው በአንድ የይለፍ ቃል ወደ ብዙ ሲስተሞች እንዲገባ ያደርጋል። ሳምል 2.0 የተባለው ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2005፣ ኦፕን አይዲ ኮኔክት የተባለው ደግሞ በ2014 የወጡት ለዚሁ የመግባት ጉዳይ ነው። ሁለቱም የሚመልሱት ጥያቄ «በሩ ላይ የቆመው ሰው ማን ነው?» የሚለውን ሲሆን፣ በቤቱ ውስጥ ለዚህ ሰው ክፍል ተዘጋጅቶለታል ወይስ አልተዘጋጀለትም የሚለውን ግን አይመልሱም።

መሐል ላይ «ጀስት ኢን ታይም» የሚባል መንገድ አለ፤ በዚህ መንገድ ሠራተኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ የሳምል መልእክቱ ይዞት የመጣው ስምና ኢሜይል ተወስዶ አካውንቱ እዚያው ይፈጠርለታል። ለመክፈት ምቹ ነው። ለመዝጋት ግን አይረዳም፣ ምክንያቱም መልእክቱ የሚላከው ሰውዬው ሲገባ ብቻ ነው፤ የለቀቀ ሠራተኛ ደግሞ በዚያ በር አይገባምና መልቀቁን ለሲስተሙ የሚነግር መልእክት አይኖርም። አካውንቱ ከነፋይሉና ከነፈቃዱ እዚያው ይቀራል፤ ሲስተሙ በራሱ የይለፍ ቃል ወይም በኤፒአይ ቁልፍ (ፕሮግራሞች ወደ ሲስተሙ በሚገቡበት ሚስጥራዊ ኮድ) መግባትን የሚፈቅድ ከሆነ ደግሞ በጓሮ በኩል የተከፈተ በር ሆኖ ይቆያል።

የሠራተኛው መረጃ ዋና ምንጭ የትኛው ሲስተም ይሁን?

የተለመደው መልስ የሰው ሀብት ሲስተሙ ነው የሚል ሲሆን፣ በመርህ ደረጃ ትክክል ነው። ቀጣሪውም አሰናባቹም የሰው ሀብት ክፍል ስለሆነ ማን ሠራተኛ እንደሆነ በሕጋዊ መንገድ የሚያውቀው እሱ ነው። ሆኖም ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት ያ መዝገብ በእርግጥ በጊዜው የሚሞላ መሆኑን መመርመር ይገባል። በብዙ መሥሪያ ቤት አዲሱ ሠራተኛ ሰኞ ሥራ ጀምሮ ፋይሉ በሲስተሙ ላይ የሚከፈተው በወሩ መጨረሻ ፔሮል ሊሠራ ሲቃረብ ነው። የለቀቀውም እንዲሁ ነው፤ በእጁ የያዘው የክሊራንስ ወረቀት ከንብረት ክፍል ወደ ፋይናንስ፣ ከፋይናንስ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሲዞር ይሰነብታል፣ የአይቲ ፊርማ የሚጠየቀውም ብዙ ጊዜ በመጨረሻ ነው፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይጠየቅም።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት የመጀመሪያው ሥራ ሶፍትዌር መግዛት ሳይሆን ያለፉትን የጥቂት ወራት ቅጥሮችና ስንብቶች ወስዶ፣ ድርጊቱ በተፈጸመበትና መዝገብ ላይ በሰፈረበት ቀን መካከል ያለውን ርቀት መቁጠር ነው። ርቀቱ ሁለት ሳምንት ከሆነ፣ የፈለጉትን ያህል ፈጣን ሲስተም ቢተክሉ አካውንቱ የሚዘጋው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። በአንዳንድ ቦታ ከሰው ሀብት ፋይል ይልቅ የፔሮል መዝገብ ትክክለኛ ሆኖ ይገኛል፤ ገንዘብ የሚወጣበት ስለሆነ ይጠነቀቁለታል። ያም ቢሆን ፔሮል በወር አንድ ጊዜ የሚዘጋ መዝገብ ነውና ለመክፈቻ እንጂ ለአስቸኳይ መዝጊያ አይበቃም።

ስኪም ምንድን ነው? እንዴትስ ይሠራል?

ስኪም አንዱ ሲስተም ለሌላው «ይህን ተጠቃሚ ፍጠር፣ ይህን አስተካክል፣ ይህን አቁም» ብሎ የሚነግርበት የጋራ ቋንቋ ነው። ከእሱ በፊት ኦአሲስ የተባለው የደረጃዎች ድርጅት ኤስፒኤምኤል የሚባል ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2003፣ ሁለተኛውን እትም ደግሞ በ2006 አውጥቶ ነበር፤ ነገር ግን በኤክስኤምኤል የተጻፈና ከባድ ስለነበር የሶፍትዌር አምራቾች በስፋት አልተቀበሉትም። ስኪም እ.ኤ.አ. በ2011 በቀላል መልክ ተጀመረና ሁለተኛው እትሙ በመስከረም 2015 የኢንተርኔት ደረጃዎችን በሚያወጣው አይኢቲኤፍ በኩል አርኤፍሲ 7642፣ 7643 እና 7644 ሆኖ ታተመ። ዛሬ በክላውድ የሚሸጡ አብዛኞቹ የቢሮ ሶፍትዌሮች የሚደግፉት ይህንኑ ሁለተኛውን እትም ነው።

አሠራሩ ተራ የድር ጥያቄ ነው። ማዕከላዊው ሲስተም መጀመሪያ በዚህ የተጠቃሚ ስም የተመዘገበ ሰው እንዳለ ይጠይቃል፤ ከሌለ የሠራተኛውን መረጃ ጄሰን በሚባል የጽሑፍ ቅርጽ አዘጋጅቶ «ፖስት» በሚባለው የድር ትእዛዝ ይልካል፣ ተቀባዩም አካውንቱን ፈጥሮ በ201 ቁጥር ይመልሳል፤ ስሙ ቀድሞ የተያዘ ከሆነ 409 ይላል። ተቀባዩ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱን መለያ ይሰጣል፣ ላኪው ደግሞ «ኤክስተርናል አይዲ» በሚባለው ቦታ የራሱን ቁጥር፣ ለምሳሌ የሠራተኛውን መዝገብ ቁጥር፣ ሊያስቀምጥ ይችላል። ሠራተኛው ሲለቅ የሚላከው መልእክት ብዙ ጊዜ «ፓች» በሚባለው የማስተካከያ ትእዛዝ የሚሄድ አጭር ነገር ነው፤ «አክቲቭ» የሚለውን ዋጋ ከእውነት ወደ ሐሰት ይለውጣል።

ደረጃው አንድ ይሁን እንጂ አተረጓጎሙ በየአምራቹ ይለያያል። አንዱ ሲስተም ግሩፕን (አንድ ዓይነት ፈቃድ የሚሰጣቸውን ተጠቃሚዎች ስብስብ) አይቀበልም፣ ሌላው ፓችን በከፊል ብቻ ይረዳል፣ ሦስተኛው ደግሞ አካውንት እንዲያቆም ሲነገረው ፈቃዱን ብቻ ነጥቆ መግቢያውን ክፍት ይተዋል። አምራቹ «ስኪም እንደግፋለን» ሲል ማመን አይበቃም፤ በሙከራ አካውንት መክፈት፣ ስም መቀየር፣ ማቆም፣ እንደገና ማስነሳት አራቱም መሞከር አለባቸው። በተለይ የመጨረሻው ይረሳል።

ለውጡ በስንት ጊዜ ይደርሳል?

በሲስተሙ ይወሰናል። ቀድሞ አዙር አክቲቭ ዳይሬክተሪ ይባል የነበረውና እ.ኤ.አ. በ2023 ኢንትራ አይዲ ተብሎ የተሰየመው የማይክሮሶፍት የአካውንት ማስተዳደሪያ አገልግሎት የመጀመሪያውን ሙሉ ዙር ከጨረሰ በኋላ ለውጦችን የሚልከው በግምት በየ40 ደቂቃው ነው። ለቅጥር ይህ ከበቂ በላይ ነው። በቅሬታ ለሚሰናበት የሲስተም አስተዳዳሪ ግን 40 ደቂቃ ረጅም ጊዜ ስለሆነ፣ ከራስ-ሰሩ ጎን ለጎን በእጅ የሚነካ የአስቸኳይ መዝጊያ መንገድ መኖር አለበት፤ ማን እንደሚነካውም አስቀድሞ በጽሑፍ መወሰን አለበት።

ሠራተኛ ሲለቅ አካውንቱ ይሰረዝ ወይስ ይቁም?

መጀመሪያ ይቁም፣ ቆይቶ ይሰረዝ። መሰረዝ ፋይሎችን፣ የኢሜይል ታሪክንና በኦዲት የሚፈለገውን ዱካ አብሮ ሊወስድ ይችላል፤ የተሳሳተ ሰው ቢሰረዝም መመለሱ ከባድ ነው። ሲስተሞቹ ራሳቸው ጥቂት የመመለሻ ጊዜ ይሰጣሉ፤ በኢንትራ አይዲ የተሰረዘ ተጠቃሚ እስከ 30 ቀን፣ በጉግል ወርክስፔስ ደግሞ እስከ 20 ቀን ድረስ ሊመለስ ይችላል። ይህን ጊዜ እንደ ዋስትና መቁጠር ግን አይገባም፤ ሌሎቹ ሲስተሞች እንዲህ ያለ ዕድል ላይሰጡ ይችላሉ።

ማቆም ሲባልም ሙሉ መሆን አለበት። አካውንቱ በማዕከል ቢቆምም አስቀድሞ የተሰጠ ቶክን (ሠራተኛው አንዴ ከገባ በኋላ የሚሰጠው ዲጂታል ማለፊያ) ጊዜው እስኪያልፍ ሊሠራ ይችላል፤ በኢንትራ አይዲ የመግቢያ ቶክን እንደ ነባሪው አሠራር ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ይቆያል፣ አንዳንድ የድር ሲስተሞች ደግሞ አንዴ የገባን ሰው ለቀናት ሳያስወጡ ያቆዩታል። ስለዚህ የመዝጊያው ቅደም ተከተል አካውንቱን ማቆምን፣ የተከፈቱ መግቢያዎችን ማቋረጥን፣ ሠራተኛው በራሱ ስም ያወጣቸውን የኤፒአይ ቁልፎች መሻርን፣ ከግሩፖች ማውጣትንና በመጨረሻም ፋይሎቹን ለአለቃው ማስረከብን ይይዛል። የክላውድ ቁልፎች በተለይ ይዘነጋሉ፤ ከሰውዬው አካውንት ውጭ በራሳቸው የሚኖሩ ስለሆኑ ስኪም አያያቸውም።

ይህ ከልክ ያለፈ ጥንቃቄ የሚመስለው ካለ በፍርድ ቤትና በይፋ መዝገብ የሰፈሩትን አጋጣሚዎች ይመልከት። ከሲስኮ በሚያዝያ 2018 እ.ኤ.አ. የለቀቀ መሐንዲስ ከአምስት ወር በኋላ የኩባንያው የክላውድ ሲስተም ውስጥ ገብቶ 456 ቨርቹዋል ማሽኖችን አጥፍቷል፤ ከ16 ሺህ በላይ የዌብኤክስ ቲምስ (የኩባንያው የስብሰባና የመልእክት አገልግሎት) አካውንቶች እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ ተዘግተው ቆይተዋል፣ እሱም በ2020 የሁለት ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። ካሽ አፕ የተባለው የገንዘብ ማስተላለፊያ መተግበሪያ ባለቤት የሆነው ብሎክ በሚያዝያ 2022 ባወጣው መግለጫ ደግሞ አንድ የቀድሞ ሠራተኛ ሥራው ካበቃ በኋላ በታኅሣሥ 2021 የደንበኞችን ሪፖርት ማውረዱን አስታውቆ፣ ወደ 8.2 ሚሊዮን ለሚጠጉ የአሁንና የቀድሞ ደንበኞች ማሳወቂያ እንደሚልክ ገልጿል። በግንቦት 2021 የአሜሪካን ምሥራቃዊ ክፍል ነዳጅ ያሳጣው የኮሎኒያል ፓይፕላይን ጥቃትም የጀመረው ኩባንያው በሥራ ላይ አለ ብሎ በማያስበው፣ ሁለተኛ ደረጃ ማረጋገጫ ባልነበረው አሮጌ የቪፒኤን አካውንት ነው። ሦስቱ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ የመጨረሻው የውጭ ወንበዴዎች ሥራ ነው፣ ሁለቱ ግን የውስጥ ሰዎች ናቸው። በሦስቱም ግን አገልግሎቱ ያበቃ መግቢያ አልተዘጋም ነበር።

ሠራተኛው የወሊድ ወይም የትምህርት ፈቃድ ላይ ከሆነስ?

ይህ ጥያቄ ከሚጠበቀው በላይ ይነሣል፣ ተገቢም ነው። የክፍያ ካርድ መረጃ ለሚይዙ ድርጅቶች የወጣው ፒሲአይ ዲኤስኤስ ለ90 ቀን ሥራ ላይ ያልዋለ አካውንት እንዲቆም ወይም እንዲወገድ ያዛል፤ ሌሎች ድርጅቶችም ይህንኑ ቁጥር በልማድ ወስደውታል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ደግሞ እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ፈቃድ አላት። ሁለቱ ቁጥሮች ሲገጣጠሙ ሲስተሙ በፈቃድ ላይ ያለችውን ሠራተኛ እንደ ጠፋች ቆጥሮ አካውንቷን ያቆማል። ማቆሙ ከደኅንነት አንጻር ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም በፈቃድ ጊዜ ማንም የማይጠቀምበት አካውንት ቢቆም ይሻላል። ችግሩ ሲስተሙ ከማቆም ወደ መሰረዝ በራሱ የሚሸጋገር ከሆነ ነው። የሰው ሀብት መዝገብ «በፈቃድ ላይ» የሚል ሁኔታ ሊኖረው፣ ያ ሁኔታም መሰረዝን ሊያግድ፣ ስትመለስም አካውንቷን ከነግሩፖቹ ሊያስነሣ ይገባል።

ክፍል ወይም ኃላፊነት ሲቀየርስ?

ሰው ሲዘዋወር አዲሱን ፈቃድ በፍጥነት ይጠይቃል፣ የድሮውን ግን ማንም አያነሣበትም። ከግዥ ወደ ፋይናንስ የተዛወረ ሠራተኛ ጥያቄ አቅራቢም ክፍያ አጽዳቂም ሆኖ የሚገኘው እንዲህ ነው። በእኛ አገር መሥሪያ ቤቶች ጉዳዩን የሚያባብሰው የተጠባባቂነትና የውክልና ልማድ ነው፤ ኃላፊው ለስብሰባ ሲወጣ ለሁለት ሳምንት የተሰጠ ውክልና ኃላፊው ከተመለሰ በኋላም በሲስተሙ ላይ ይቀጥላል።

መፍትሔው ፈቃድን ለሰው ሳይሆን ለሥራ መደብ መስጠት ነው። ሰውዬው በመዝገብ ላይ መደቡ ሲቀየር የድሮው ግሩፕ በራሱ ይለቀዋል፤ ውክልና ደግሞ ሲሰጥ የማብቂያ ቀኑ አብሮ ካልተሞላ ሲስተሙ እንዳይቀበለው ይደረጋል። ሆኖም እያንዳንዱን ትንሽ ፈቃድ በመደብ ለመሸፈን መሞከር ከሠራተኛ ብዛት የበለጠ የመደብ ብዛት ያመጣል። ሁሉም የሚያስፈልገውን መሠረታዊ ነገርና የየክፍሉን ዋና ዋና ሲስተሞች በራስ-ሰር መስጠት፣ የቀረውን በጥያቄና በማጽደቅ መተው የበለጠ ያዋጣል።

የኢትዮጵያውያን ስም በሲስተሞቹ ላይ ለምን ያስቸግራል?

አብዛኞቹ ሲስተሞች የተሠሩት የግል ስምና የቤተሰብ ስም አለ በሚል ግምት ነው። የስኪም አወቃቀርም ለሁለቱ የተለያየ ቦታ አለው። የእኛ ስም ግን የራስ፣ የአባትና የአያት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለውም። የአባት ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ሲገባ የሥራ ኢሜይሉ «የመጀመሪያ ፊደል ሲደመር የቤተሰብ ስም» በሚለው ደንብ ከተሠራ፣ አበበ ከበደ፣ አልማዝ ከበደና አስቴር ከበደ ሦስቱም አንድ አድራሻ ይደርሳቸዋል፤ ሲስተሙም በመጡበት ቅደም ተከተል ቁጥር እየቀጠለላቸው ይሄዳል። በሌላ በኩል የአያት ስም በቤተሰብ ስም ቦታ የሚሞላባቸው ሰነዶች ስላሉ፣ አዲስ አበባና ዋሽንግተን ቢሮ ባለው ድርጅት ውስጥ አንድ ሰው በሁለት ስም ሁለት ጊዜ ሊመዘገብ ይችላል።

ሁለተኛው ችግር የላቲን አጻጻፍ ነው። «ፀሐይ»ን አንዱ ጸሐፊ በቲ እና በኤስ፣ ሌላው በኤስ ብቻ ይጀምራል፤ «ቅድስት» በኬም በኪውም ትጻፋለች። የትምህርት ማስረጃው፣ ፓስፖርቱና የባንክ ደብተሩ የተለያየ አጻጻፍ ይዘው ሲመጡ ስምን ከስም በማነጻጸር ሁለት መዝገቦችን ማገናኘት አይቻልም። በፊደላችን መመዝገብም ብቻውን አያድንም፤ ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትሙ የግእዝን ፊደል ያካተተ ቢሆንም፣ «ሀይሌ» እና «ኃይሌ» ለእኛ አንድ ድምፅ ሆነው ሳለ ለኮምፒውተር ፈጽሞ የተለያዩ ቃላት ናቸው። ከዚህም ሌላ የርዝመት ገደብ አለ፤ የዊንዶውስ አክቲቭ ዳይሬክተሪ የድሮው ዓይነት መግቢያ ስም ከ20 ፊደል መብለጥ የለበትም፣ ገብረመድኅን ወልደሥላሴ የተባለ ሰው ሁለቱ ስሞቹ በላቲን በነጥብ ተያይዘው ሲጻፉ በቀላሉ ያልፉታል።

መፍትሔው አንድ ነው፤ ሰውን ከሰው የሚለየው ቁልፍ ስሙ ሳይሆን የማይለወጥ የሠራተኛ መዝገብ ቁጥሩ ይሁን። ስም ለዓይን የሚታይ ጽሑፍ ብቻ ሆኖ ይቅር፣ ሲታረምም አካውንቱን አይንካው። የለቀቀ ሠራተኛ የመግቢያ ስምና ኢሜይልም ለአዲስ ሰው ዳግም መሰጠት የለበትም፤ አዲሱ ሠራተኛ የማይመለከተውን ደብዳቤ ይቀበላል፣ ባልተጸዱ ሲስተሞችም የሌላ ሰው ፈቃድ ይወርሳል።

የቀን አቆጣጠራችን ምን ችግር ያመጣል?

ከሚታሰበው በላይ አደገኛ ችግር ያመጣል፤ ሲስተሙ አካውንት የሚከፍተውና የሚዘጋው በቀን ነውና። የበጀት ዓመቱ የሚዘጋበትን ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. እንውሰድ፤ በጎርጎርዮሳዊው ሐምሌ 7 ቀን 2025 ማለት ነው። ኮንትራቱ በዚያ ቀን የሚያበቃ ሠራተኛ ማብቂያ ቀኑ ሳይቀየር 30/10/2017 ተብሎ ቢሞላ፣ ሲስተሙ ምንም ስሕተት አያይበትም፤ ጥቅምት 30 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. የሚባል ትክክለኛ ቀን አለና። ያ ቀን ደግሞ ካለፈ ዓመታት ስለሆነው የሠራተኛው አካውንት በሚቀጥለው ዙር ወዲያውኑ ይዘጋል። የተሻለው ዕድል የጳጉሜን ቀን የሞላ ሰው ነው፤ አሥራ ሦስተኛ ወር ስለማይታወቅ ሲስተሙ ቢያንስ ይጮኻል።

ስለዚህ በመካከለኛው የማገናኛ ደረጃ ላይ ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ በግልጽ የሚታወቅ፣ ወደ ጎርጎርዮሳዊ የሚለወጠውም በሰው እጅ ሳይሆን በፕሮግራም መሆን አለበት። ከአንድ ዓመት በላይ ወደ ኋላ የሚሄድ የማብቂያ ቀንም ሰው ሳያየው እንዳያልፍ ማድረግ ቀላል ጥበቃ ነው።

ሰዓቱም አለ። ብዙ የክላውድ ሲስተሞች በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ስለሚሠሩ የእነሱ እኩለ ሌሊት ለእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። የመጨረሻው የሥራ ቀን ዓርብ ተብሎ ሲመዘገብ፣ ሲስተሙ «ዓርብ ሲጀምር ዝጋ» ብሎ ከተረዳው ሠራተኛው በመጨረሻው ቀን ጠዋት ቢሮ ደርሶ ርክክቡን እንኳ መሥራት ያቅተዋል። የማብቂያ ቀን ማለት የቀኑ መጨረሻ መሆኑ በሕጉ ውስጥ በቃል ይጻፍ።

የፋይዳ ቁጥርን እንደ ሠራተኛ መለያ መጠቀም እንችላለን?

ፋይዳ፣ በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት፣ ሰውዬው ነኝ ያለውን ሰው መሆኑን ለማረጋገጥ የሚያገለግል ነው፤ በቅጥር ጊዜ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ ለማጣራትም ይጠቅማል። ነገር ግን ቁጥሩን በየሲስተሙ፣ በተለይም ውጭ አገር በሚገኙ የክላውድ አገልግሎቶች ላይ፣ እንደ መግቢያ ስም መበተን አይመከርም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ድርጅቶች ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ የግል መረጃ ማሰራጨት እንደሌለባቸው ማሰብ ግድ ይላቸዋል። ቁጥሩ በሰው ሀብት መዝገብ ውስጥ ይቅር፤ ወደ ሌሎቹ የሚሄደው ድርጅቱ የሰጠው የሠራተኛ ቁጥር ይሁን።

ሲስተሙ ተሳስቶ ብዙ ሰው ቢዘጋስ?

ራስ-ሰር ሲስተም ሲሳሳት በራስ-ሰር ነው የሚሳሳተው። በጣም የተለመደው መንገድ ከሰው ሀብት ሲስተም የሚመጣው ፋይል በግማሽ ተቆርጦ ሲደርስ ነው፤ ማዕከላዊው ሲስተም ከዝርዝሩ የጎደሉትን ሁሉ «ለቀዋል» ብሎ ይተረጉማል። ለዚህ የሚሆነው ጥበቃ በአንድ ዙር ሊዘጉ የሚችሉ አካውንቶችን ቁጥር መገደብ ነው፤ ገደቡ ሲታለፍ ሲስተሙ ቆሞ የሰው ፈቃድ ይጠብቅ። ገደቡ ስንት ይሁን ለሚለው በመደበኛ ወር በአንድ ቀን ከሚለቁት ሰዎች ትንሽ ከፍ ያለ ቁጥር ይበቃል። የመጀመሪያው ዙር ደግሞ ምንም ሳይነካ «ብሠራ ኖሮ ይህን እሠራ ነበር» የሚል ዝርዝር ብቻ እንዲያወጣ ተደርጎ መሠራት አለበት።

ያ የመጀመሪያ ዝርዝር ራሱ ብዙ ያስተምራል። በሲስተሞቹ ላይ ያሉ አካውንቶች ከሠራተኛ መዝገብ ጋር ሲነጻጸሩ ባለቤት አልባ ሆነው የሚወጡት ሁልጊዜም ከተገመተው ይበልጣሉ። ከመካከላቸው የለቀቁ ሰዎች፣ የሙከራ አካውንቶች፣ የአማካሪዎችና የፕሪንተር አካውንቶች ይገኛሉ። ሁሉንም በአንድ ቀን መዝጋት ግን የሆነ ቦታ የሌሊት የመጠባበቂያ ቅጂ ሥራን ያቆማል፤ አንድ በአንድ ባለቤት እየተፈለገላቸው ይሂዱ።

ስኪም የማይደግፉ አሮጌ ሲስተሞችን ምን እናድርግ?

ብዙዎቹ በኤልዳፕ (የተጠቃሚ ማውጫን በማንበቢያና በማስተካከያ የቆየ መንገድ)፣ በዳታቤዝ ወይም በተራ የሲኤስቪ ፋይል በኩል ሊደረስባቸው ይችላል። ሚድፖይንትና አፓቺ ሲንኮፕ የተባሉት ክፍት ምንጭ ሲስተሞች ለዚህ የሚሆኑ ኮኔክተሮች (ማገናኛ ፕሮግራሞች) አሏቸው፤ ለሶፍትዌር ፈቃድ ክፍያ የውጭ ምንዛሪ ማግኘት ለሚያስቸግራቸው ድርጅቶችም ይጠቅማሉ፣ የሚጠይቁት የሰው ዕውቀት ግን ቀላል አይደለም። በክላውድ በሚገዙት ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይገጥማል፤ ሻጮች ስኪምን የሚሰጡት ብዙ ጊዜ በውዱ የደንበኝነት ደረጃ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ዋጋ ሲጠየቅ ከመጀመሪያው አብሮ ይጠየቅ። ምንም መንገድ የሌለው ሲስተም ከተገኘ፣ ማዕከላዊው ሲስተም ቢያንስ ለሚመለከተው ሰው የሥራ ትእዛዝ ከፍቶ እስኪዘጋ ይከታተለው፤ እጅ ይሠራዋል፣ ማስታወሱን ግን ሲስተሙ ይይዘዋል።

ቋሚ ያልሆኑ ሠራተኞችና ሰው ያልሆኑ አካውንቶችስ?

የጥበቃ፣ የጽዳትና የአማካሪ ድርጅት ሠራተኞች በሰው ሀብት መዝገብ ላይ ስለማይገኙ ራስ-ሰሩ ሲስተም አያውቃቸውም። ለእነሱ የተለየ አጭር መዝገብ ተዘጋጅቶ፣ እያንዳንዱ ሰው የሚጠየቅለት የድርጅቱ ቋሚ ሠራተኛና የማብቂያ ቀን ይኑረው፤ ተጠያቂው ሲለቅ ኃላፊነቱ ለሌላ ሰው ካልተላለፈ የእንግዶቹም አካውንት ይቁም።

ሰው ያልሆኑት፣ ማለትም ፕሮግራሞች የሚገቡባቸው አካውንቶች፣ ተመሳሳይ ባለቤት ያስፈልጋቸዋል። በመጀመሪያ ሊመዘገብ የሚገባውም ራሱ የፕሮቪዥኒንግ ሲስተሙ የሚጠቀምበት ቶክን ነው። ያ ቶክን በየሲስተሙ ማንንም መክፈትና መዝጋት ስለሚችል ከሁሉም የበለጠ ሥልጣን ያለው አካውንት እሱ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሲስተሙን በተከለው ባለሙያ ስም ወጥቶ ይገኛል። ያ ባለሙያ በለቀቀ ቀን የራሱ አካውንት ሲዘጋ ቶክኑም አብሮ ይሞታል፣ ከዚያ ቀን ጀምሮም የሌላ ሰው አካውንት አይከፈትም፣ አይዘጋም።